ዝርዝር ስንቆጥር

“እማዬ፣ ባንክ ስትሠሪ ብር አግኝተሽ ታውቂያለሽ?” አለኝ የልጅ ልጄ።

ለ31 ዓመት መርካቶ ውስጥ ባለ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ከመስኮት ጀርባ ተቀምጣ የሰው ገንዘብ ስትቆጥር የኖረች ሴት እንዲህ ስትጠየቅ ምን ትመልስ? ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። “ወረቀቱን አላልኩሽም፤ ማዕድኑን ነው። እውነተኛውን ብር!” አለኝ።

በእኛ ቋንቋ ገንዘቡም ብር ነው፣ ማዕድኑም ብር ነው። ልጁ 12 ዓመቱ ነው። ብር ሲባል የሚያውቀው ወረቀቱን፣ ይልቁንም እናቱ በስልኳ የምትልከውን ቁጥር ነው። ቃሉ ከማዕድኑ እንደመጣ የነገረው ስልኩ ላይ ያየው የአንድ አሜሪካዊ ቪዲዮ ነበር። ሰውየው ባንክ ሄዶ በወረቀት የተጠቀለለ ሳንቲም በካርቶን ይገዛል። ቤቱ ገብቶ ጥቅሉን አንድ በአንድ ይፈታል፣ እያንዳንዱን ሳንቲም እያገላበጠ ያያል፣ ከብር የተሠራ ሲያገኝ እንደ ሕፃን ይጮኻል። ያላገኘበትን መልሶ ባንክ ያስገባል።

ነገሩ ተረት አይደለም። አሜሪካኖች እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ድረስ የ10፣ የ25 እና የ50 ሳንቲማቸውን ከ90 በመቶ ብር ይሠሩ ነበር። በ1965 ብሩን ከ10 እና ከ25 ሳንቲሙ አወጡት፤ በ50 ሳንቲሙ ውስጥ እስከ 1970 ድረስ 40 በመቶ አስቀሩ። አሮጌው ሳንቲም ግን አልተሻረም። ስለዚህ ዛሬም 40 ሳንቲም በያዘ አንድ ጥቅል ውስጥ ዓይን ያለፈው አንድ የብር ሳንቲም ሊደበቅ ይችላል።

“እኛስ?” አለኝ። “እኛም ባንክ ሄደን እንፈልግ!”

እኛማ ባንክ ሄደን አናገኝም፣ አልኩት። ለምን እንደማናገኝ ለመንገር ግን አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፈጀብኝ። እናንተም ቤት እንዲህ የሚጠይቅ ልጅ ካለ ይጠቅማችሁ ይሆናልና የነገርኩትን እነሆ።

አያቶቻችን ብር ሲሉ ጠገራውን ማለታቸው ነበር። ማርትሬዛ የምንለው ያ ትልቅ ብር የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ነው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች። ብሩ ግን ከዚያ በኋላም ከ200 ዓመት በላይ ያው 1780 የሚል ዓመት እየተጻፈበት ሲመታ ኖረ። ቪየና ብቻ አይደለም፤ ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. ማተሚያውን ወስዶ ሮም ላይ ማስመታት ጀመረ፤ እንግሊዞችም ለንደን ላይ አስመቱ። ስለዚህ ከአያታችሁ ሙዳይ የወጣ ማርትሬዛ 1780 ስለሚል ብቻ የዚያን ዘመን ነው ማለት አይደለም። ከዚያ ዓመት በእጅጉ የሚያንስ ሊሆን ይችላል።

አንዱ ማርትሬዛ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ከዚያ ውስጥ 23 ግራም ከትንሽ ፍንካች ንጹሕ ብር ነው። ወርቅ አንጥረኞች ወቄት የሚሉት መለኪያ ከዚሁ ብር ክብደት ጋር አንድ ነው። የጥንት ሰው ሲቀበለው እንዲሁ አይቶ ኪሱ አይከተውም ነበር። የንግሥቲቱን ደረት ያገላብጣል፤ በልብሷ መያዣ ጌጥ ዙሪያ ያሉትን 9 ሉሎች ይቆጥራል። አንዷ ተፍቃ ከጠፋች “ይቺ አትሄድም” ብሎ ይመልሳል። ዛሬ የተቀደደ ወረቀት ብር ለሻጭ ስንሰጥ የሚገጥመን ፊት ያኔም ነበረ ማለት ነው።

ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በራሳቸው መልክ ፓሪስ ላይ ብር አስመቱ፤ ክብደቱም እንደ ማርትሬዛው 28 ግራም ነው። አላድ የሚባለው ግማሹ፣ ሩቡም ነበሩ። ገበያው ግን የለመዳትን ሴትዮ ቶሎ አልለቀቃትም።

ከጣሊያን በኋላ፣ በሐምሌ 1937 ዓ.ም.፣ አዲሱ ገንዘብ በአዋጅ ወጣ። ወረቀቱ ከዚያ፣ ሳንቲሙ ከዚህ። 1፣ 5፣ 10 እና 25 ሳንቲሞቹ መዳብ ነበሩ። 50ው ግን ከብር ተሠራ። ሳንቲሞቹ የተመቱት አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ነው፤ ብሩም በጦርነቱ ዘመን አሜሪካ በውሰት ከሰጠችው ነበር። ሰው ለዘመናት ብርን በእጁ መዝኖ ሲገበያይ ኖሮ በአንድ ጊዜ ወረቀት ያዝ ሲባል እንዴት ይመነው? ሃምሳ ሳንቲሟ በሁለቱ መሃል የቆመች ድልድይ ነበረች።

ይቺን ሃምሳ ሳንቲም ነው እኛ የመርካቶ ልጆች “ሽልንግ” የምንላት። አባቴ በእንቁጣጣሽ ማለዳ አንዲት በእጄ ያስጨብጠኝ ነበር። 7 ግራም ትመዝናለች። መጀመሪያ የተመቱት 80 በመቶ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የተመቱት 70 በመቶ ብር ናቸው፤ ሁሉም ላይ ግን የተጻፈው ያው 1936 ዓ.ም. ነው። በአንድ ፊቷ የንጉሡ መልክ፣ በሌላው ዘውድ የደፋ አንበሳ አለ።

በዚያ ዘመን አጭበርባሪም አልጠፋም። 25 ሳንቲሙ መጀመሪያ ክብ ነበር፤ መጠኑም ከሃምሳው ይቀራረባል። መዳቡን ብር ቀብተው በሃምሳ ሒሳብ የሚያሳልፉ ተነሡ። መንግሥትም የስሙኒውን ጠርዝ እንደ አበባ ቅጠል ሞገድ አድርጎ አስመታው፤ ዓይኑ የደከመ ሰው እንኳ በጣቱ ዳስሶ እንዲለየው። ልጁ ይህን ስነግረው “ሌባ ነው እንግዲህ የሳንቲሙን ቅርጽ ያስቀየረው!” ብሎ ተገረመ።

እኔ ባንክ የገባሁት ደርግ አዲሱን ገንዘብ ባወጣበት በ1969 ዓ.ም. ነው። አዲሱ ሃምሳ ሳንቲም ከመዳብና ከኒኬል ድብልቅ ነበር። የብሯ ሽልንግ በየቤቱ ገባች። ግማሹ ለመታሰቢያ ተቀመጠ፤ ብዙው አንጥረኛ ዘንድ ሄዶ መስቀል፣ አምባር፣ የጆሮ ጉትቻ ሆነ። እንግዲህ ባንክ ብንሄድ ምን እናገኛለን? የአንበሳ ራስ ያለባቸውን የደርግ ሳንቲሞች፣ በቅርቡ የተመቱትን በላያቸው ብቻ የተለበጡ የብረት ሳንቲሞች፣ በ2002 ዓ.ም. የወጣውን ሚዛን ያለበትን አንድ ብር።

“ታዲያ የት ነው የሚገኘው?” አለ።

“መርካቶ” አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ የቤት ሥራ ሰጠሁት። በሳንቲሞቻችን ላይ ዓመቱ የሚጻፈው በግዕዝ ቁጥር ነው፤ ልጁ ደግሞ አያውቀውም። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አልጀብራ እየሠራ ፲ን ከ፻ አይለይም! አንድ ሳምንት ሰጠሁት። ፲፱፻፴፮ ካየህ የጃንሆይ፣ ፲፱፻፷፱ ካየህ የደርግ፣ ፲፰፻፹፯ ካየህ ደግሞ ዝም ብለህ ወደ እኔ ሩጥ፣ አልኩት። ቁጥር ተማር ብዬ ለሁለት ዓመት ጨቅጭቄው ያልሆነልኝ ነገር በአራት ቀን አለቀ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድን። አውቶቡስ ተራ አጠገብ፣ ታክሲዎቹ በሚቆሙበት፣ ዝርዝር የሚሸጡ ሰዎች እንዳሉ የአካባቢው ሰው ያውቃል። ጉልበታቸው ላይ ካርቶን ዘርግተው ሳንቲሙን እንደ ዳቦ ይደረድራሉ። የታክሲ ረዳት ድፍን ብር ይሰጣቸዋል፤ ጥቂት ቀንሰው ዝርዝር ይሰጡታል። ከዚያች ጥቂት ነው የሚኖሩት። ሳንቲሙን የሚለቅሙት ከየሱቁ፣ ከየኔ ቢጤው፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ደጃፍ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የአሜሪካው ሰውዬ ከባንክ በካርቶን የሚገዛው ዓይነት ሳንቲም እኛ ዘንድ በአንዲት ሴት ጉልበት ላይ ያልፋል።

ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ሴት ዘንድ ቆምን። የሁለት መቶ ብር ዝርዝር ገዛን። ልጁ ሳንቲም ሊያይ እንደሚፈልግ ስነግራት ሳቀችና በርጩማዋን ለቀቀችልኝ። “ይቀመጡ እማማ፤ ይይ፣ ምን ገዶኝ!” አለች።

ልጁ ማግኔት ይዞ መጥቶ ነበር። ብረቶቹን ወደ አንድ ወገን፣ ማግኔት የማይስባቸውን ወደ ሌላ ወገን ለየ። ማግኔት ብር አይስብም፤ ግን የመዳብና የኒኬል ድብልቅንም አይስብም፤ ስለዚህ ማግኔት የማይሆነውን ይነግርሃል እንጂ የሚሆነውን አይነግርህም፣ አልኩት። አንድ ሰዓት ያህል ለቀመ። በሬ የሚያርሰው ገበሬ ያለበት አንድ ሳንቲም፣ ጠመንጃ የያዘው ወታደር ያለበት አምስት ሳንቲም፣ ኒያላው ያለበት አሥር ሳንቲም አገኘ። ለእኔ የትናንት ነገሮች ናቸው፤ እሱ እንደ አክሱም ቅርስ ያያቸዋል። ብር ግን የለም።

ፊቱ ሲወድቅ ሴትየዋ አየችውና ከጎኗ የወተት ጣሳ አነሣች። “እነዚህ የማይሄዱልኝ ናቸው። ረዳቶቹ ይመልሱብኛል። የተጣመመ አለ፣ የውጭ አገር አለ። ከፈለገ ይውሰደው፤ ለልጅ መጫወቻ ይሁን” ብላ ጣሳውን እግሩ ሥር ገለበጠችለት።

በዝገት የተበላ የጣሊያን ሳንቲም፣ የጎረቤት አገር ሳንቲሞች፣ የልብስ ቁልፍ ሳይቀር አለበት። ልጁ በጣቱ ሲበትን ቆየና እጁ ቀጥ አለ። አንዷን አነሣ፤ ጠቁራለች። በአውራ ጣቱ አሸት አደረጋት። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ እያነበበ ነው። ከዚያ ጨበጣትና ቀና ብሎ አየኝ።

ምን እንዳገኘ ሳይነግረኝ አወቅሁ።

“እማዬ፣ ሰጥታኛለችኮ” አለ በሹክሹክታ።

ውድ አንባቢያን፣ እውነቱን ልንገራችሁና እኔም ዝም ልል ነበር። ልጁ አሸንፏል፤ ቁጥሩን ራሱ አንብቦ፣ ራሱ ፈልጎ አግኝቷል። ሴትየዋ በገዛ አፏ ይውሰደው ብላለች። ማንም ክፉ አልሠራም። አመሰግናለሁ ብለን፣ ለልጇ ከረሜላ ገዝተን ብንሄድ ማን ይጠይቀናል? እግዜር ይስጥልኝ ልላት አፌን ስከፍት እጄ ላይ ያለውን አምባር አየሁት። አየሁትና አፌ ሌላ ነገር ተናገረ።

“ልጄ፣ ይቺ ሳንቲም ብር ናት። ማዕድኑ ማለቴ ነው። ዋጋዋን ሳታውቂ አትስጪ” አልኳት።

መጀመሪያ የቀለድኩባት መሰላት። ከዚያ ካርቶኗን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ተነሣች። ከድሮ ጀምሮ የማውቀው የብር ዕቃ ነጋዴ ሱቅ ሦስታችንም ሄድን። ነጋዴው ሳንቲሟን በመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ ጠብ አደረጋት። ጥርት ብላ ጮኸች፤ ድምጿም ቶሎ አልጠፋም። ከዚያ የእኔን የደርግ ሃምሳ ሳንቲም ጠብ አደረገ፤ ያኛው አጭርና ደረቅ ነው። ለልጁ ደግሞ ደጋግሞ አሰማው። በሚዛን አስቀመጣት፤ ከ7 ግራም ትንሽ ጎደል አለች፣ ባለፉባት እጆች ብዛት ተፍቃለች። ዋጋዋን ነገራት። የብር ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ ስለሚውል ቁጥሩን አልጽፈውም፤ ለሴትየዋ ግን የበርካታ ቀን ትርፍ ነበር።

እንደምትሸጣት ጠብቄ ነበር። ሳንቲሟን በመዳፏ ይዛ ዝም አለች። “ምን የሚል ነው የተጻፈባት?” ብላ ልጁን ጠየቀችው። “1936” አላት፣ እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ እያሳየ። “አያቴ በዚያ ጊዜ ገና ልጅ ነበር ማለት ነው” አለችና የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ቋጠረቻት። “ለክፉ ቀን ትቆየኝ።”

በታክሲ ስንመለስ ልጁ አኩርፏል። አብነት አካባቢ ስንደርስ ነው አፉን የከፈተው። “ባትነግሪያት ኖሮ የእኔ ነበረች።”

“አዎ፣ ያንተ ነበረች።”

“ታዲያ ለምን ነገርሻት?”

እስከዛሬ ለእናቱም ያልነገርኳትን ነገርኩት።

በሰባዎቹ መጀመሪያ ነው። አዲስ ተጋቢ ነኝ። አንድ ቀን ከገጠር የመጣች ሴት መስኮቴ ላይ ቆመች። የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ 5 ማርትሬዛ ደረደረችልኝ። “የእናቴ ናቸው። ልጄ ታሞብኛል፤ ለመታከሚያው ዘርዝሪልኝ” አለችኝ። ባንኩ ይህን አይቀበልም አልኳት። እውነቴን ነው፣ አይቀበልም። ቀጥሎ የተናገርኩት ነው ሲከነክነኝ የኖረው። “ምሳ ሰዓት ላይ ውጭ ጠብቂኝ፤ እኔ እገዛሻለሁ” አልኳት።

አንጥረኛው ስንት እንደሚገዛ አውቅ ነበር። እኔ ግማሹን እንኳ አልሰጠኋትም። እሷ ዋጋ አልተከራከረችም፤ ባንክ የምትሠራ ሴት ትዋሻለች ብላ አላሰበችም። እጄን ስማ፣ መርቃኝ ሄደች። በ5ቱ ብር ሁለት አምባር አሠራሁ። አንዱን ለእናትህ በሠርጓ ቀን ሰጠኋት። አንዱ ይኸው እጄ ላይ ነው።

ልጁ አምባሩን አየ። ለረጅም ጊዜ አየው። ይወቅሰኛል ብዬ ስጠብቅ፣ “ልጇ ዳነ?” አለኝ።

“አላውቅም” አልኩት። ያን ሁሉ ዓመት ራሴን ለመጠየቅ ያልደፈርኩት ጥያቄ ነበር፤ ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ይህን የምጽፈው ኃጢአቴን በጋዜጣ ለመናዘዝ አይደለም። የአሮጌ ሳንቲም ፍለጋ ለልጅና ለአያት ጥሩ ጨዋታ ነው፤ ታሪክ ያስተምራል፣ የግዕዝ ቁጥር ያስተምራል፣ ልጅን ከስልክ ያነሣል። እኔም እመክራለሁ። ግን የዚህ ጨዋታ ትርፍ የሚመጣው አንዱ የሚያውቀውን ሌላው ባለማወቁ ነው። አሜሪካዊው ጥቅሉን ሲፈታ ከባንክ ጋር ነው የሚጫወተው፤ ባንኩ አይራብም። እኛ ዘንድ ግን ጣሳው የሰው ነው፣ ሙዳዩም የአንዲት አሮጊት ነው። ከልጅ ጋር ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚማረው ብሩን ከኒኬል መለየት ሳይሆን “ይቺ እኮ ዋጋ አላት” ማለትን ይሁን። ዋጋውን ነግራችሁ ከዚያ ብትገዙ ግን ሀብታችሁ ነው፤ በሰላም ተኙበት።

ለሚጀምሩ ወላጆች ጥቂት ምክር ልጨምር።

አሮጌ ሳንቲም ስታገኙ አታጥቡት። ሎሚ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና አታስነኩት። ጥቁረቱ ዕድሜው ነው፤ ሰብሳቢዎች የተፈተገ ሳንቲም አይወዱም። ጠርዙን ይዛችሁ አንሡት፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፤ ከሌላ ሳንቲም ጋር አታጋጩት።

ማርትሬዛ ሊሸጥላችሁ የመጣ ሰው ካለ ጠርዙን እዩ። በእውነተኛው ዙሪያ ጎላ ብሎ የወጣ የላቲን ጽሑፍ አለው። በልብሷ ጌጥ ላይ ያሉትን ሉሎች ቁጠሩ፣ በሚዛን አስመዝኑ፣ ድምፁን አድምጡ። በአንዱ ብቻ አትተማመኑ።

ከዚህ ሁሉ የተለየ አንድ ነገር አለ። ዘመድ ከትግራይ ወይም ከሌላ አካባቢ ሲመጣ ከእርሻ የወጣች ትንሽ የአክሱም ሳንቲም ይዞ ሊመጣ ይችላል። የአክሱም ነገሥታት ከእንዱቢስ ጀምረው ወርቅ፣ ብርና ነሐስ አስመትተዋል፤ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሙ ላይ መስቀል አድርጓል። እንዲህ ያለው የቤት ጌጥ፣ የገበያ ዕቃም አይደለም። በቅርስ አዋጁ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992፣ መሠረት ያገኘ ሰው ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ማሳወቅ አለበት። ልጆቻችሁን ብሔራዊ ሙዚየም ወስዳችሁ ቅርስ ማለት ምን እንደሆነ በዓይናቸው አሳዩአቸው።

በመጨረሻም በየቤታችሁ ሙዳይ ውስጥ ያለውን የብር ጌጥ አንድ ቀን አውጥታችሁ ለልጆቹ ንገሯቸው። ከማን ተገዛ? ማን አሠራው? በምን ገንዘብ? መልሱ የሚያኮራ ከሆነ እሰየው። የሚያሳፍር ከሆነም ንገሩ። እኔ ለልጄ ነገርኳት። አምባሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። መልሰን የምንሰጣት ሴት የለችም። መጨረሻ ላይ መልሳ አደረገችው፤ “አሁንማ አውቄ ነው የማደርገው” አለች።

ልጁ ኩርፊያው ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ደብተሩ ላይ ከ፩ እስከ ፲፻ ጽፎ አመጣልኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ቀድሞኝ ጫማውን አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። የሆያ ሆዬ ገንዘቡን በኪሱ ይዟል፤ “ካገኘን ዋጋውን ነግረናት እንገዛለን” አለኝ።

አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ሴትየዋ ከሩቅ አየችን። ካርቶኑን ሳትለቅ በአንድ እጇ ከጎኗ ያለውን የወተት ጣሳ አንሥታ አወዛወዘችው።

“ና አንተ ልጅ! የማይሄዱትን ለይቼልሃለሁ። በል ቁጭ በልና አንብብልኝ፤ ዋጋውን ቀጥለን እንነጋገራለን።”